ከፎቶው የተሰወረችው ጀልባ



የዐረፋ በዓል በመጣ ቁጥር ወልቂጤና ቡታጅራ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች በሚመለሱ ወገኖቻችን ይሞላሉ። ኡድሒያው ታርዶ፣ ዘመድ አዝማዱ ከተጠየቀ በኋላ ወጣቱ መኪና ተከራይቶ ለሽርሽር ይወጣል። የቡታጅራው ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ የወልቂጤው ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል። ኪሱ የፈቀደለት ደግሞ አርባ ምንጭ ድረስ ሄዶ በጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ «የአዞ ገበያ» የተባለውን ስፍራ ያያል። ማታ ሲመለስ ስልኩ በጉማሬ፣ በአዞና በወፍ ፎቶ ተሞልቷል። ዛሬ ጥቂት ልላችሁ የፈለግሁት ስለ እነዚህ ፎቶዎች ነው።

«መጀመሪያ ነገር ፎቶ ራሱ ይፈቀዳልን?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዑለሞች በዚህ ጉዳይ ተለያይተዋል። ከፊሎቹ በሐዲስ ከተከለከለው ሥዕል ይቆጥሩታል። እ.ኤ.አ. በ1935 የሞቱት የግብፁ ሙፍቲ ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ደግሞ ፎቶግራፍ ጥላን እንደ መያዝ ነው ብለው ፈቅደዋል። (የካሜራን ነገር ከሥሩ ካነሣን ዘንዳ፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍን ብርሃን ያጠናው ኢብኑል ሀይሠም ሙስሊም ሊቅ እንደነበረ ልጆቻችሁ ቢያውቁ አይከፋም።) ወደ ክርክሩ አልገባም። ነገር ግን ፎቶን የፈቀዱ ሊቃውንት ፎቶው የተገኘበትን መንገድ ሁሉ ፈቅደዋል ማለት አይደለም።

እስቲ በጣም የተለመደውን ፎቶ እንውሰድ፤ አፉን የከፈተ ጉማሬ። ከሥሩ «ሲስቅ» ወይም «ሲያዛጋ» ተብሎ ይጻፍበታል። ውድ አንባቢያን ሆይ! ጉማሬ እንዲያ አፉን በርግዶ ክራንቻውን ሲያሳይ አብዛኛውን ጊዜ እየዛተ ነው። ቀርባችሁኛል፣ ተመለሱ ማለቱ ነው። ይህ እንስሳ ጀልባ የሚገለብጥና ሰው የሚገድል መሆኑን ሐይቁ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ያ ፎቶ የሚመሰክረው ስለ ጉማሬው ሳቅ ነው ወይስ ስለ አንሺው ድፍረት? እኛም ለልጆቻችን ዛቻን «ሳቅ» ብለን እያስነበብናቸው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ፎቶ ከዚህ የባሰ ያሳዝነኛል። ወፎቹ በአንድ ጊዜ ግር ብለው ሲነሡ የሚያሳየው ነው። ያምራል፤ እኔም አምሮኛል። ግን ምን አስነሣቸው? ብዙውን ጊዜ ወደ መካከላቸው የተነዳ ሞተር ወይም የእጅ ጭብጨባ ነው። የተነሣችው ወፍ እንቁላል ላይ ተቀምጣ ከነበረ፣ እንቁላሉ ለፀሐይና ለነጣቂ ተጋልጦ ይቀራል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች በወሰዱ ጊዜ እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠይቀው እንዲመለሱላት አዘዙ። ልብ በሉ፤ ሐዲሱ ስለ ጭንቀቷ ነው የሚናገረው። በሱረቱል አንዓምም አላህ (ሱ.ወ.) በምድር የሚሄዱ እንስሳትና በክንፎቻቸው የሚበርሩ ወፎች እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ነግሮናል። የሰው ቤት ሳያንኳኳ የማይገባ ሙእሚን የወፍ ጎጆ ላይ ሲደርስ አደቡ ለምን ይጠፋል?

ሦስተኛው የተንኮል ያህል ነው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ በሚያጸዱበት ስፍራ አባ ኮዳና ፔሊካን የሚሰበሰቡት ለተጣለው አንጀት ነው። ፎቶ አንሺው ግን አጥማጁን፣ መረቡንና ቆሻሻውን ከጠርዝ ቆርጦ ያስወጣና ወፉን ብቻ ያስቀራል። ሰው ያልደረሰበት በረሃ ይመስላል። ቤተሰቡን በዚያ ሐይቅ የሚያሳድረው ሰው ከሥዕሉ ተባረረ ማለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በቴሌቪዥን የምታዩት በበረዶ ላይ ብቻውን የቆመ የዋልታ ድብ ወይም የፔንግዊን መንጋ፣ ብዙ ጊዜ ካሜራ በደረደሩ ቱሪስቶች ከተሞላች ትንሽ መርከብ ላይ የተነሣ ነው፤ መርከቧ ግን በፎቶው ውስጥ የለችም። ሆኖም እነርሱ ቢያንስ ልክ አበጅተውለታል። በደቡብ ዋልታ ከ500 በላይ ተሳፋሪ የጫነ መርከብ ሰው አያወርድም። በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ እንግዳ አይረግጥም፤ ከፔንግዊንም ቢያንስ 5 ሜትር መራቅ ግድ ነው። በኖርዌይ ሥር ባለው ስቫልባርድ ደግሞ ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ከዋልታ ድብ 300 ሜትር፣ ከማርች እስከ ጁን መጨረሻ 500 ሜትር መራቅ በሕግ ታዝዟል። ይህን ያደረጉት ያንን ሐዲስ አንብበው አይደለም። እኛ ግን አንብበነዋል።

ባለ ጀልባውን ብቻ መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ነው። እርሱ የሚጠጋው ተሳፋሪው «ትንሽ ጠጋ በል፣ እጨምርልሃለሁ» ስለሚለው ነው። ሞተሩ ሳይነሣ በፊት «ከሩቅ ይበቃናል» ቢሉት እፎይ የሚለው እርሱ ራሱ ነው።

ደግ ፎቶስ የለም ወይ? አለ። አንድ የዘመዴ ልጅ ከጊቤ ዳርቻ፣ ከርቀት ያነሣውን በመድረሳ ለልጆቹ አሳይቻቸው ነበር። ቡናማ ውኃ፣ ወዲያ ማዶ ቁጥቋጦ፣ መሐል ላይ ጥቋቁር ነገሮች፤ ሌላ የለውም። አፉን የከፈተውን ጉማሬ በአንድ አፍታ ሥቀው ያለፉት ልጆች በዚህኛው ላይ ተደፉበት። «ኡስታዝ፣ እንስሳው የታል?» አሉኝ። ቆይተው ስድስት ጆሮ ቆጠሩና ሦስት ጉማሬ ነው ብለው ተስማሙ። ከኋላ የነበረች አንዲት ልጅ ግን በጣቷ እየነካች፣ አፍንጫውን ብቻ ያወጣ አራተኛ እንዳለ አሳየችን።