«ነፋስ ገባ» የሚለው አነጋገርና የመስኮት ዳር ብርድ ስያሜ

የሙያ ቃል የሚመዘነው ለተርጓሚው በመመቸቱ ብቻ ሳይሆን ተናጋሪውን ወደ ትክክለኛ ተግባር በመምራቱም ጭምር ነው። ከዚህ አኳያ ስለ ቤት ውስጥ ሙቀትና ስለ አየር እንቅስቃሴ በአማርኛ የሚሠራባቸውን ጥቂት ቃላት እንመረምራለን። መነሻ የምናደርገው የሐረር ከተማን ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ውስጥ ያለው ነባር ቤትና ከግንቡ ውጪ በብሎኬትና በሰፋፊ መስተዋት የሚሠራው ቤት በአንድ ከተማ ስለሚገኙ፣ የቃላቱ ጉድለት ከነገሩ ጋር ተያይዞ በግልጽ ይታያል።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ በበጋ ወራት ሌሊቷና ንጋቷ ይቀዘቅዛል። በዚህን ጊዜ በመስተዋት መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው ሲበርደው «ነፋስ ገባ» ይላል። ይህ አንድ አነጋገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያጠቃልላል። አንደኛው በመስኮቱ ስንጥቅ በእርግጥ የሚገባው የውጪ አየር ነው። ሁለተኛው ከውጪ ያልመጣ፣ ነገር ግን መስተዋቱን ነክቶ በመቀዝቀዙ ከብዶ ወደ ወለል የሚወርደው የክፍሉ የራሱ አየር ነው። ሦስተኛው ጨርሶ አየር አይደለም፤ ገላችን ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ቀዝቃዛው መስተዋት ሲሰድ የሚሰማን ብርድ ነው።

የሦስተኛውን ክብደት በቁጥር ማሳየት ይቻላል። የክፍሉ አየር 20፣ የውጪው 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ የአንድ ንጣፍ መስተዋት የውስጥ ገጽ ወደ 13 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። 33 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያለው ቆዳችን ከዚህ ገጽ ጋር ሲተያይ፣ አንዲት ሽውታ ሳትኖር እንኳ የመስኮቱ ወገን ትከሻችን ይበርደዋል። የዴንማርኩ ሊቅ ፋንገር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ምቾትን ከሚወስኑት ስድስት ነገሮች መካከል የአየሩን ሙቀትና የዙሪያ ገጾችን ሙቀት ለያይቶ የቆጠረው በዚሁ ምክንያት ነው። የቀሩት አራቱ የአየር ፍጥነት፣ እርጥበት፣ ልብስና የሰውነት እንቅስቃሴ ናቸው።

ይህን የገጽ ሙቀት «የጨረራ ሙቀት»፣ መሣሪያውንም «የጨረራ ማሞቂያ» ብሎ መተርጐም በፊዚክስ ረገድ ስሕተት የለበትም። ሆኖም «ጨረራ» በሕዝብ ጆሮ ከራጅና ከኑክሌር አደጋ ጋር ተጣብቋል፤ የጨረራ መከላከያ የሚባል መሥሪያ ቤት በነበረበት አገር «የጨረራ ማሞቂያ ግዙ» ቢባል ገዢው መሸሹ አያስደንቅም። በአንጻሩ «ወላፈን» የሚለውን ነባር ቃል ለሁሉም ማዋልም አያዋጣም፤ ወላፈን የሚለበልብ እንጂ 29 ዲግሪ እንኳ የማያልፍ የሞቀ ወለል አይደለም።

የሚገርመው ቋንቋችን ልዩነቱን በግሡ ይዞት መገኘቱ ነው። «ቤቱ ሞቀ» ስንል ግሡ ተሳቢ አይሻም፤ «እሳት ሞቅን»፣ «ፀሐይ ሞቅን» ስንል ግን የሙቀቱን ምንጭ ተሳቢ ያደርጋል። ፀሐይ የሚሞቅ ሰው በዙሪያው ያለው አየር ቀዝቃዛ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። እንግዲህ ጐደለ የምንለው አስተሳሰቡ ሳይሆን ስያሜው ነው።

የሐረር ነባር ቤትም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት አቆይቶ ሌሊት ስለሚለቅ ገጹ እንደ መስተዋት ቶሎ አይቀዘቅዝም። በጊድር ጋር ውስጥ ያሉት ነደባዎች ደግሞ ከወለሉ ከፍ ከፍ ያሉ ስለሆኑ፣ ቁልቁል የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር በግርጌያቸው ይቀራል። የነደባዎቹ ቅደም ተከተል የተቀማጩን ክብር የሚያመለክት ማኅበራዊ ሥርዓት ነውና ለሙቀት ተብሎ ተሠራ አንልም፤ ጥቅሙ ግን አይካድም። «ነደባ»ን «መደብ» ብሎ መተርጐም ይህን ደረጃ በደረጃ የሆነ ከፍታ ስለሚያጠፋ፣ ቃሉ እንዳለ ወደ አማርኛ መዝገበ ቃላት ቢገባ እንመርጣለን።

ነገሩ የቃል ጨዋታ አለመሆኑን የሚያሳየው ውጤቱ ነው። ብርድ ሁሉ ነፋስ ነው ብሎ ያመነ ሰው ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ይደፍናል፤ የመስተዋቱ ብርድ አልለቀው ሲል የከሰል ምድጃ ያስገባል። በተደፈነ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ቤተሰብ ሳያነቃ ይገድላል። ለሦስተኛው ብርድ ስም ቢኖረው ኖሮ፣ ያ ሰው ወፍራም መጋረጃ መስቀል ወይም አልጋውን ከመስኮቱ ማራቅ እንደሚበጀው በተረዳ ነበር፤ ለአየር መለዋወጫ የተተወውንም ቀዳዳ ባልደፈነ ነበር።

ስለዚህ የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን። በስንጥቅ ለሚገባው «ሽውታ»፤ ከመስተዋቱ ለሚወርደው «ወራጅ አየር»፤ ገላ ወደ ቀዝቃዛ ገጽ ሙቀቱን ሲሰድ ለሚሰማው «የገጽ ብርድ» ይባል። መሣሪያዎቹም «የአየር ማሞቂያ» እና «የገጽ ማሞቂያ» ተብለው ይለዩ፤ «ወላፈን» ለፍምና ግሎ ለሚቀላ ብረት፣ «ጨረራ» ለፊዚክስ መጻሕፍት ይቆዩ። ከእነዚህ የተሻለ ቃል በግንበኞች፣ በአናጢዎች ወይም በጀጎል እመቤቶች አንደበት ከተገኘ፣ የእኛን ትተን ያንኑ ለመመዝገብ ዝግጁዎች ነን።