ቁጥብ አስማት

አስማተኛ ሲባል ዓይናችን ላይ ድቅን የሚለው ፂሙ የነጣ፣ ዘንግ የጨበጠ ሽማግሌ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ጊን ግን ተራ የሚመስል ጥያቄ አነሳች። እነዚህ ሽማግሌዎች ልጅ ሳሉ እንዴት ነበሩ? ፂም ይዘው አልተወለዱም፤ ጥበቡን የሆነ ቦታ ተምረውታል፣ እስኪለምዱትም አጥፍተዋል። ያን ያህል ኃይል አንድ ጎረምሳ እጅ ቢገባስ?

ጥያቄውን የቆሰቆሰው አሳታሚ ነው። በካሊፎርኒያዋ በርክሊ ከተማ ፓርናሰስ ፕሬስ የሚባል አነስተኛ የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ ነበር። የለ ጊንን እናት፣ የቴዎዶራ ክሮበርን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1964 አሳትሟል። እስከዚያ ድረስ በብዛት ያወጣ የነበረው ለትናንሽ ልጆች ሲሆን፣ ባለቤቱ ኸርማን ሻይን ከፍ ላሉት የሚሆን ነገር ፈለገ። በጉዳዩም በአጻጻፉም ጣልቃ ሳይገባ ለለ ጊን ተወላት። «የኧርዝሲው አስማተኛ» እ.ኤ.አ. በ1968 ታተመ፤ በዓመቱም የቦስተን ግሎብ–ሆርን ቡክን ሽልማት አገኘ። መጽሐፉን ቀስ ብዬ ባነበብኩት ቁጥር የሚያስደንቀኝ የደራሲዋ ቁጥብነት ነው። ዘንዶ፣ ጥላ፣ የአስማት ትምህርት ቤት፣ ሙታንን መጥራት፣ ሁሉም አለ፤ ነገር ግን አንዲት ጠጠር እንኳ ያለ ሥራ አልተቀመጠችም።

የጀመረችው ካርታ በመሣል ነው። አንድም አህጉር የሌለበት፣ ባሕርና ደሴት ብቻ የሆነ ዓለም ሣለች፤ የደሴቶቹን ስም ጆሮዋን ተከትላ አወጣች። እግረ መንገዷንም ሦስት ትናንሽ ደሴቶችን በልጆቿ የሕፃንነት ስም ጠራቻቸው። ካርታው ጌጥ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ደራሲዋንም አሰራት። የጎንት ደሴት ከሮክ ደሴት ምን ያህል እንደሚርቅ አንዴ ከተወሰነ ባለታሪኩን እንዳሻት ልታዘልለው አትችልም። ነፋስ መጠበቅ፣ መቅዘፍ፣ መራብ፣ መበስበስ አለበት። በመጽሐፉ ውስጥ መንገድ ድካም አለው፤ እውነት የሚመስለንም ለዚህ ነው።

የአሮጌ ሥራ ቅሪትም አልጣለችም። እ.ኤ.አ. በ1964 «ፋንታስቲክ» በተባለው መጽሔት በዚሁ ዓለም ላይ የተመሠረቱ ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች አውጥታ ነበር። በአንደኛው ውስጥ አንድ ሰነፍ የመንደር አስማተኛ መስሎ የሚኖር ዘንዶ አለ፤ ስሙ የቮድ። በረጅሙ ልብ ወለድ ባለታሪኩ ወጣቱ ጌድ ፔንዶር ደሴት ላይ ከዘንዶ ጋር ሲፋጠጥ፣ የድሮ ታሪክ ከማንበብ ተነስቶ ገምቶ የሚጠራው ይህንኑ ስም ነው። አውሬውን ያሸነፈው የተማሪው የንባብ ትጋት ነው ማለት ይቻላል።

የመጽሐፉ አስማት ሁሉ የቆመው በአንድ ሕግ ላይ ነው። ማንኛውም ነገር እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ ያዘዋል። ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን ለሚያምነው ብቻ ይነግራል፤ በገበያ የሚጠራበት ሌላ ነው። የክርስትና ስምን ከመተተኛ ጆሮ መሰወር በተለመደበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ትልቁ ብልሃት ግን ሕጉ ከአስማት ውጭ የሚሠራው ሥራ ነው። ጌድ በትዕቢቱ ትልቅ ጥፋት ካጠፋ በኋላ፣ ፊቱ ጠባሳ፣ ልቡ ፍርሃት ሆኖ ብቻውን በቀረበት ጊዜ፣ ትምህርቱን የጨረሰው ጓደኛው ቬች ሊሰናበተው ይመጣና እውነተኛ ስሙን ይነግረዋል። ጌድም የራሱን ይነግረዋል። ስለ ወዳጅነታቸው ሌላ ነገር አይባልም፤ አያስፈልግምም። ሕይወቱን በእጁ እንዳስቀመጠለት እናውቃለን፤ ሕጉን ቀድማ አስተምራናለችና።

የአስማቱ ዋጋም እንዲሁ በጊዜ ይነገረናል። በሮክ ትምህርት ቤት የማስመሰልን ጥበብ የሚያስተምረው መምህር አንዲት ጠጠር ያነሳና አልማዝ ያስመስላታል፤ ወዲያው ወደ ጠጠርነቷ ይመልሳታል። ጌድ የቸኮለው ለውጡ ጸንቶ እንዲቆይ ነው። መምህሩ ስሟን ይነግረዋል፤ ቶልክ። በእርግጥ አልማዝ ትሁን ካልህ ስሟን መለወጥ አለብህ፣ ስሟን ከለወጥህ ደግሞ ዓለምን ለወጥህ ይለዋል። እዚህ ያዘነብከው ዝናብ ሌላ ደሴት ላይ ድርቅ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ ደረቅ ምክር ሊሆን ይችል ነበር፤ ግን ጠጠሯ በመዳፉ ላይ አለች፣ ትንሽ፣ ሻካራ፣ በራሷ ሙሉ።

ይህ ትዕይንት ባይኖር የሚቀጥለው ሁሉ ይላላ ነበር። ሁሉን የሚችል ጀግና አያስፈራንም፤ ብዙ የፋንታሲ ድርሰቶች የሚፈቱት እዚህ ጋ ነው። ጌድ ግን ከትምህርት ቤት ባላንጣው ከጃስፐር ጋር ተፎካክሮ በሌሊት የሞተች ሴት መንፈስ ሲጠራ፣ ዕዳው እንደሚመጣ ቀድመን እናውቃለን። በተከፈተው ስንጥቅ ስም የለሽ ጥላ ይወጣል፤ ስንጥቁን የሚደፍነው አረጋዊው ሊቀ ጠቢባን ሕይወቱን ይከፍላል። ከዚያ ወዲያ ጥላው ያሳድደዋል።

ከጠጠሯ ይልቅ የምወደው የጀልባዋን ቦታ ነው። ጌድ ለረጅም ጊዜ ሲሸሽ ከርሞ፣ የመጀመሪያ መምህሩ ኦጊዮን ፊትህን አዙር፣ የሚያሳድድህን አንተ አሳድደው ብሎ ከመከረው በኋላ፣ ጀልባው ባሕር ላይ ትሰበራለች። አንድ መንደር ደርሶ የሚያገኘው ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅና የእሱን ያረጀች ጀልባ ነው። ጌድ የሚከፍለው በጥበቡ ነው፤ የሽማግሌውን ዓይን ያበራለታል። ሽማግሌው በደስታው ስሟን «አርቀሽ እዪ» በላት፣ በአፍንጫዋም ግራና ቀኝ ዓይን ሣልባት ይለዋል።

ነገሩ ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥም። ግን ስንት ሥራ ይሠራል! ከጥፋት ወዲህ ጌድ ጥበቡን ለሰው ጥቅም ሲያውለው እናያለን፤ የመጨረሻውን ጉዞ የሚጓዝባት ጀልባ ትገኛለች፤ ከሁሉም በላይ ማየት የማይፈልገውን ሲሸሽ የኖረ ልጅ ለማየት በቆረጠበት ወቅት ዓይን ባላት ጀልባ ላይ ይሳፈራል። ደራሲዋ ይህን አትነግረንም። ቀለም አስይዛ ትሄዳለች።

በዝምታ ከሠራቻቸው ነገሮች ሌላው የሰዎቹ መልክ ነው። የጌድ ቆዳ ቀይ ዳማ ነው፤ ቬች ጥቁር ነው፤ መንደር ለማቃጠል የሚመጡት ካርጎች ነጮች ናቸው። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ፋንታሲ ይህ ያልተለመደ ነበር። ለ ጊን ግን አዋጅ አላስነገረችም። አንባቢው ከልጁ ጋር ፍየል ጠብቆ፣ ከልጁ ጋር ፈርቶ ከተዋሃደው በኋላ ነው መልኩን ልብ የሚለው። የመጀመሪያውን እትም ሽፋን የሣለችው ሩት ሮቢንስ ነገሩ ገብቷት ልጁን ጠይም አድርጋ ሥላዋለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ሽፋኖች አነጡት፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቴሌቪዥን ፊልምም ነጭ ተዋናይ ሰጠው፤ ደራሲዋም በአደባባይ ተቃወመች።

ሥራው እንከን የለውም አልልም። በሮክ የሚማሩት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ የሴት አስማት ደካማ ወይም ክፉ ነው የሚል አባባል በመጽሐፉ ውስጥ ያለ ተቃውሞ ያልፋል። ሁሉን በሚዛን የምታስቀምጥ ደራሲ እዚህ ላይ ሚዛኗ ዘሟል። ያንን ያየችው ራሷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1990 «ተሃኑ» በተባለው መጽሐፍ ወደዚያው ዓለም ተመልሳ ታሪኩን ከአንዲት ባልቴት ጓዳ ተነስታ ነገረችው።

ወደ ዋናው ብልሃት ልምጣ። መጽሐፉ ገና ሲጀምር ጌድ ታላቅ ጠቢብና የዘንዶዎች ጌታ እንደሚሆን፣ ዜማም እንደሚዜምለት ይነግረናል፤ ይህ ግን ከዝናው በፊት የሆነው ነው ይላል። ይኖር ይሆን ወይስ ይሞት የሚለውን ጉጉት ደራሲዋ በገዛ እጇ ጣለችው። የቀረልን ጥያቄ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ይወጣል የሚለው ነው። መልሱ የሚመጣው ባሕር በሚያልቅበት ቦታ፣ ያለ ሰይፍ፣ ያለ ሠራዊት፣ በአንድ ቃል ነው፤ ቃሉም ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ዓይናችን ሥር ነበር።

ከዚያ በመዝጊያው ይህ ገድል በዚያ ዜማ ውስጥ እንደማይገኝ ይነገረናል። ከዘንዶ ጋር የገጠመው ይዜማል፤ ከጥላው ጋር የገጠመውን ያየው ቬች ብቻ ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት አንባቢ የሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ አክብሮት ሊሰጠው የሚችል አይመስለኝም። የዚያ አንባቢም ትልቁ ትግል ማንም የማያጨበጭብለት ነው፤ መጽሐፉ ያን ትግል ሙሉ ታሪክ የሚገባው አድርጎ ቆጥሮለታል።