የመልካም ኮምፒውተር ምጣኔ

ኮምፒውተር ሊያሠራ ወይም ተገጣጥሞ የተዘጋጀውን ሊገዛ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ነው፤ ሻጩም ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ቁጥሩን በትልቁ ጽፎ ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ቁጥር የየክፍሉን መጠን ይነግረናል እንጂ የጠቅላላውን ሥራ ደግነት አይመሰክርልንም፤ ክፍሎቹ ሁሉ ከየፋብሪካቸው ተሠርተው የመጡ ናቸውና፣ የገጣጣሚው ጥበብ የሚታወቀው የትኛውን ከየትኛው ጋር እንዳስማማ፣ ገንዘቡን በየትኛው ላይ እንዳፈሰሰና ከየትኛው ላይ እንደ ቆጠበ በመመርመር ነው። ፍጥነት ሙቀትን ይወልዳል፤ ሙቀትን ለማስወጣት ነፋስ ያስፈልጋል፤ ነፋስም በበኩሉ ስፍራን ይሻል፣ ድምፅንም ያመጣል፤ ስለዚህ ጸጥታን የወደደ ሰው ከፍጥነቱ ወይም ከስፍራው ወይም ከኪሱ መክፈሉ አይቀርም። ሁሉንም በአንድነት የሚሰጥ ኮምፒውተር እስካሁን አልተሠራምና፣ ሥራን ለመመዘን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ለማግኘት ምን ተተወ?» የሚል ይሁን።

የአንድ ቁጥር ፍቅር እንኳን ገዢውን ሠሪውንም እንደሚያሳስት የኢንቴል ኩባንያ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፔንቲየም 4 የተባለው ፕሮሰሰር የጊጋኸርዙ ቁጥር ከፍ እንዲል ታስቦ፣ አንዱን ትእዛዝ በብዙ ጥቃቅን ደረጃዎች ከፋፍሎ እንዲፈጽም የተነደፈ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ዐይነቱ ደረጃዎቹ እስከ 31 ደርሰዋል። ደረጃው ሲበዛ የምቱ ፍጥነት፣ ይኸውም የጊጋኸርዙ ቁጥር፣ ይጨምራል፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ቀጥሎ የሚመጣውን ትእዛዝ ገምቶ በሳተ ቁጥር በደረጃዎቹ ላይ የተጀመረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ሆኖ እንደገና ይጀመራል፤ ሙቀቱም ከሚገኘው ጥቅም ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሊያወጣው ያቀደውን ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር ለመሰረዝ ተገደደ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ንድፉን ለውጦ ያወጣው ኮር 2 ዱዎ ግን በ2.4 ጊጋኸርዝና በ65 ዋት እየሠራ፣ 3.8 ጊጋኸርዝ የነበረውንና 115 ዋት የሚበላውን ፔንቲየም 4 በብዙ ሥራ ቀደመው።

ከዚህ የረቀቀው ምሳሌ ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ነው። ሠሪዎቹ ካሽ የተባለውን የቅርብ ማኅደረ ትውስታ በፕሮሰሰሩ ላይ ደርበው ከ32 ወደ 96 ሜጋባይት አደረሱት፤ ነገር ግን የተደረበው ሲሊከን ሙቀቱን ስለሚጋርድና ከፍ ያለ ቮልቴጅም ስለማይችል፣ የፍጥነቱን ጣሪያ ከ4.7 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ ዝቅ ማድረግ ግድ ሆነባቸው። በጌም ሲፈተን ካልተደረበበት አቻው ልቆ ተገኘ፤ ቪዲዮን በማቀነባበርና ይህን በመሰለው ሥራ ግን ወደ ኋላ ቀረ። እንግዲህ አንዱ ዕቃ ለአንዱ ሰው ምርጥ፣ ለሌላው መካከለኛ ከሆነ፣ የባለቤቱን ሥራ ሳይጠይቁ ማመስገንም ሆነ መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ መዛኙ ኬዙን ከማስከፈቱ በፊት ኮምፒውተሩ የታሰበለትን ግብር ይወቅ። የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ ሰው ውድ ግራፊክስ ካርድ መግጠም ብክነት ነው፤ ለእርሱ የሚጠቅመው በቂ ራምና ፈጣን ኤስኤስዲ ነው። ጌም ለሚጫወት ሰው ግን ከገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ቢሄድ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሞኒተሩ በሰከንድ 60 ሥዕል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ 200 ሥዕል የሚያመነጨው ካርድ አብዛኛው ድካሙ ከዐይን ሳይደርስ ይቀራል። በማከማቻ ረገድም እንዲሁ ነው። ከተሽከርካሪው ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ መሻገር የኮምፒውተሩን ጠባይ ፈጽሞ ይለውጠዋል፤ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ያህል ከሚያነበው የሳታ ኤስኤስዲ 7,000 ሜጋባይት ወደሚያነበው ኤንቪኤምኢ መሻገር ግን፣ ቁጥሩ ከዐሥር እጥፍ በላይ ቢያድግም፣ ትልልቅ ፋይሎችን ዘወትር ለማያመላልስ ሰው የሚሰማው ልዩነት ጥቂት ነው።

የገጣጣሚው ኅሊና ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ይህ ክፍል ፍጥነትን በምንም አይጨምርም፣ ገዢውም ስለ እርሱ አይጠይቅም፤ በዚህም ምክንያት በስውር ለመቆጠብ የተመቸ ስፍራ ነው። ልኩን ለማወቅ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 200 ዋት የሚፈልግ አርቲኤክስ 4070 ግራፊክስ ካርድና በከባድ ሥራ ጊዜ እስከ 88 ዋት የሚወስድ ራይዘን 5 7600 ፕሮሰሰር ቢገጠሙ፣ ለቀሩት ክፍሎች ደግሞ 50 ዋት ያህል ቢታሰብ፣ ጠቅላላው ከ340 ዋት ብዙም አይርቅም፤ ካርዱ ለቅጽበት የሚስበው ከተጻፈው በላይ ስለሚሆን ትርፍ ቢያዝለትም፣ ጥሩ ባለ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይህን ሁሉ ያለ ጭንቀት ይሸከማል። ባለ 1,000 ዋት የገጠመለት ገንዘብ አባክኗል፤ «650 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን፣ ሠሪው የማይታወቀውንና በእጅ ሲነሣ የሚቀለውን የገጠመለት ግን የቀረውን ክፍል ሁሉ ለአደጋ አጋልጧል። በሣጥኑ ላይ የሚታየው «80 ፕላስ» የተባለው ማኅተም ከሶኬቱ ከሚሳበው ኃይል ምን ያህሉ ሳይባክን እንደሚያልፍ የሚናገር ነው እንጂ ስለ ዕድሜውና ስለ መከላከያዎቹ ምስክርነት አይሰጥም፤ ስለዚህ ከማኅተሙ ቀለም ይልቅ የዋስትናውን ዘመን መመልከት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ መጥፎ ፈሳሽ የያዙ ካፓሲተሮች አናታቸው እያበጠና እየፈነዳ እጅግ ብዙ ማዘርቦርዶችን ከጥቅም ውጭ ማድረጋቸው፣ በጥቂት ሳንቲም ላይ የሚደረግ ቁጠባ ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል። የመብራቱ ኃይል ከፍና ዝቅ በሚልበት፣ ድንገትም በሚጠፋበት እንደ አገራችን ባለው ስፍራ ደግሞ፣ ከካርዱ ዋጋ ቀንሶ ለዩፒኤስ የሚሆን ገንዘብ ያስቀረ ገጣጣሚ ደንበኛውን በእውነት ያሰበ ሰው ነው።

ሙቀትን የሚያስወጣ ነፋስ ያለ ድምፅ አይመጣም፤ ድምፁን መቀነስ ግን ይቻላል። የአንድ ፋን ዙር በግማሽ ቢቀንስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ 140 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፋን፣ ትንሹና ፈጣኑ እያፏጨ የሚያንቀሳቅሰውን ያህል አየር በዝግታ እየዞረ ያንቀሳቅሳል፤ ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ስፍራ ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ምሥጢር አለ፤ ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሯ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ አየሩ የሳሳ ስለሆነም ያው ፋን ያንኑ ያህል ዙር ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ የተፈተነ ማቀዝቀዣ ለእኛ በልኩ ሳይሆን ከልኩ ከፍ ብሎ ሊመረጥ ይገባዋል። ፊቱ በመስተዋት የተሸፈነ ኬዝም ለዐይን ቢያምር ፋኖቹን ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል፤ የበጋው አቧራም ስላለ ከመስተዋቱ ይልቅ ወንፊት ያለው፣ ወንፊቱም ወልቆ የሚታጠብ ኬዝ ይሻላል።

ለመልክ ሲባል የተተወ ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያየ ሌላው ኩባንያ አፕል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ማክ ፕሮ ክብ ጥቁር ዓምድ ነበር፤ በውሳጤው ባለ ሦስት ገጽ የብረት ማቀዝቀዣ ቆሞ፣ በአንድ ፋን ብቻ ፕሮሰሰሩንና ሁለቱን ግራፊክስ ካርዶች ያቀዘቅዝ ነበር፤ መልኩም ጸጥታውም ዕፁብ ተባለለት። ነገር ግን ዘመኑ ከሁለት መካከለኛ ካርዶች ይልቅ ወደ አንድ ታላቅና ትኩስ ካርድ ባዘነበለ ጊዜ፣ ሙቀትን በሦስቱ ገጾች እኩል እንዲያከፋፍል የተሠራው ቅርጽ ይህን ለመቀበል አልቻለም፤ የኩባንያው መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ንድፉ በሙቀት ረገድ መውጫ እንዳሳጣቸው በግልጥ ተናገሩ፤ በ2019ም ወደ አራት ማዕዘኑ ሣጥን ተመለሱ። ስለዚህ መልካም ገጣጣሚ ለነገ ስፍራ ይተዋል፤ ባዶ የራም መግቢያ፣ ለሚመጣው ካርድ የሚበቃ ርዝመት፣ ለተጨማሪው ጭነት የሚሆን ዋት ማስቀረቱ ከሥራው ትሩፋት ይቆጠርለታል።

የብራና መጽሐፍ የሚያውቅ ሊቅ ከሐረጉ ጌጥ አስቀድሞ የጥራዙን ስፌት እንደሚመለከት ሁሉ፣ ኮምፒውተር መዛኝም የሚያበራውን የፊት ጎን ትቶ የኋላውን ክዳን ያስከፍት። ኬብሎቹ በየስፍራቸው ታስረው ከፋን ርቀው እንደሆነ፣ የማዘርቦርዱም ብሎኖች ሳይጎድሉ ታስረው እንደሆነ ይይ። የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ሶኬት በተለይ ይመርምር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ባለ 450 ዋቱ አርቲኤክስ 4090 በወጣ ጊዜ እስከ መጨረሻው ያልገቡ ሶኬቶች ግለው መቅለጣቸው ይታወሳልና፣ ሶኬቱ ገብቶ መጽናቱና ኬብሉ ከሥሩ አለመታጠፉ ይረጋገጥ። ራሙ ሁለት ተመሳሳይ ሰሌዳ ከሆነ፣ ባለ አራት መግቢያ በሆነው ማዘርቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቈጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ይገባል፤ አንድ ሰሌዳ ብቻ የገጠመ ወይም ሁለቱን በተሳሳተ ስፍራ ያስገባ ሰው የመረጃውን መንገድ ስፋት በግማሽ ቀንሶታል። ከዚያም ኮምፒውተሩ በርቶ ታስክ ማናጀር ይከፈት፤ 3200 ተብሎ የተሸጠ ራም በ2133 ሲሠራ ከተገኘ፣ ገጣጣሚው ባዮስ ገብቶ ኤክስኤምፒ የተባለውን ማስተካከያ አላበራም ማለት ነው፤ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሥራው ጐድሏል። የሞኒተሩ ኬብልም በማዘርቦርዱ ሳይሆን በግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱ ይታይ፤ ይህን ስተው ውዱን ካርድ ሥራ ፈት ያደረጉ ብዙዎች ናቸው።

በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ ተሰጥቶት ለአንድ ሰዓት ይፈተን። የፋኑ ድምፅ ቀስ ብሎ ከፍ ብሎ በአንድ ልክ ከጸና መልካም ነው፤ በየጥቂት ሰከንዱ የሚጮኽና የሚወርድ ከሆነ ግን ፋኑ እንደ ሙቀቱ እንዲዞር አልተስተካከለም። በዚህ ጊዜ ሙቀቱን የሚያሳየውን ቁጥር አይቶ ወዲያው መፍረድ አይገባም፤ የራይዘን 7000 ዘር የሆኑት ኃይለኞቹ ፕሮሰሰሮች በሙሉ ጭነት ጊዜ እስከ 95 ዲግሪ እንዲደርሱ ሆነው የተነደፉ ናቸውና፣ ይህ ብቻውን ነቀፋ አይሆንም። ይሁን እንጂ ብልህ ገጣጣሚ የመጨረሻዪቱ ጥቂት ፍጥነት ከሁሉ የበለጠ ኃይል እንደምትበላ ያውቃል፤ ስለዚህ ባለ 170 ዋቱን ራይዘን 9 7950ኤክስ በባዮስ ወደ 105 ዋት አውርዶ፣ ከፍጥነቱ ጥቂት ሰጥቶ ብዙ ሙቀትና ብዙ ድምፅ ያስቀራል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ገንዘብዎን ከመቍጠርዎ በፊት ገጣጣሚውን «ከዚህ ኮምፒውተር ላይ ምን ተዉ? ስለ ምንስ ተዉት?» ብለው ይጠይቁ። «ምንም አልተውሁም፣ ሁሉም አለው» ቢልዎ አመስግነው ይለፉ። «ለእርስዎ ሥራ ስለማያስፈልግ ግራፊክስ ካርዱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጌ፣ ትርፉን በፓወር ሰፕላዩና በዩፒኤሱ ላይ አዋልሁት» የሚል ሰው ቢያገኙ ግን፣ ዋጋው ከጎረቤቱ ጥቂት ቢበልጥም ከእርሱ ይግዙ።