የአሚሩ እንግዳ

የሪቻርድ በርተንን «የመጀመሪያ እርምጃዎች በምሥራቅ አፍሪካ» (እ.ኤ.አ. 1856) ከጀጎል ግንብ ሥር ተቀምጬ አነበብኩት። ልብ አንጠልጣይ ነው። የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የጦር መኮንን የአረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ይነሳል። ሐረር ሲቃረብ ማንነቱን ይገልጥና፣ በኤደኑ እንግሊዛዊ ሹም ስም ራሱ የፈበረከውን ደብዳቤ ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ከአሚር አሕመድ ፊት ይቀርባል። አሥር ቀን ይስተናገዳል። ለአንገቱ ሲሰጋ እኛም አብረነው እንሰጋለን፤ የትረካው ኃይል እዚህ ላይ ነው።

ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነው። ስለ ከተማይቱ ንግድ፣ ቋንቋና ግንብ የቃረመውን ሁሉ ለአገሩ አንባቢ ሲዘረግፍ፣ ማዕዱን ያቋደሰው አሚር ሲያሳስበው አላየሁም። የስለላ ታሪክ ሰላዩን በአሳዳሪውና በአስተናጋጁ መካከል ካላስጨነቀው ግማሽ ነው። የቀረውን ግማሽ ከጀጎል ውስጥ ሆኖ የሚጽፍልን ደራሲ እጠብቃለሁ።