ብርድ የማይለቀው ሙት

ተዋናይ አለን ሪክማንን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በ«ሃሪ ፖተር»ና በ«ዳይ ሃርድ» ነው። እኛ አድናቂዎቹ የምንሳሳለት ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ለተሠራው «ትሩሊ፣ ማድሊ፣ ዲፕሊ» ነው። (የዚያው ዓመት «ጎስት» የተባለው ፊልም ጋረደው እንጂ!) የሞተ ቼሎ ተጫዋች ሆኖ ወደ ሐዘንተኛዋ ፍቅረኛው ይመለሳል። ሙት ቢሆንም ይበርደዋል፤ የቤቱን ማሞቂያ ያግላል፣ ሙታን ጓደኞቹን ሰብስቦ ቪዲዮ ያያል፣ ዕቃውን ያተረማምሳል። ይህን ሁሉ ፍንክች ሳይል፣ በዚያ ዝግ ባለ ወፍራም ድምፁ ነው የሚያደርገው፤ ሳቁን ለእኛ ትቶታል። ይህ ፊልም ባይኖር ብዙዎቻችን ሪክማንን ይበልጡን በተጫወታቸው ክፉ ገጸ ባሕርያት እናውቀው ነበር። መጨረሻ ላይ ፍቅረኛው ከአዲሱ ወዳጇ ጋር ስትሄድ በመስኮት ያያታል፤ ደስ እንዳለውም እንደከፋውም ፊቱ ላይ ይነበባል። ሌላ ተዋናይ ቢሆን እዚያ ጋ ሳያጋንን አያልፍም ነበር።