አለ ፈለገ ሰላም፣ የሠዓሊዎች አባት

በደብረ ታቦር ዙሪያና በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ የመቅደስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡ በአንድ ዓይኑ ብቻ ተስሎ ያገኘዋል። ይህ የሥዕል ሙያ ለዘመናት የተላለፈው ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ጎን ተቀምጦ እያየ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ቤተሰብ የተወለዱት አለ ፈለገ ሰላም ይህን ወግ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ሲመለሱ ለራሳቸው ስም ብቻ መሥራት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የሌላውን እጅ ማቅናት መረጡ፤ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቁመው ለዓመታት መሩት። ተማሪ እርሳሱን ይዞ የሰው አካልን አስተውሎ መንደፍ የሚለማመድበት፣ ሠዓሊዎቹ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያንም ያስተማሩበት ቤት ሆነ።

በ2008 ዓ.ም. ሲያርፉ ኀዘኑ የቤተሰብ ብቻ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ይገባቸዋል። ሥዕል መማር ለሚሻ የአገር ልጅ ሁሉ በር የከፈቱ ሰው ናቸውና ምስጋናችን አይቋረጥም።