በዘራፊው መርከብ ሆድ ውስጥ

በጥንታዊቷ የንግድ ወደብ በማላካ፣ ማሌዢያ፣ የባሕር ታሪክ ሙዚየሙ የተሠራው በፖርቱጋሎች መርከብ በ«ፍሎር ዴ ላ ማር» አምሳል ነው። ይህቺ መርከብ ማን መሰለቻችሁ? እ.ኤ.አ. በ1511 አልቡከርክ ማላካን ወግቶ ከያዘ በኋላ፣ የዘረፈውን ሀብት ጭና ስትጓዝ ሱማትራ ጠረፍ ላይ የሰጠመችው ናት!

ሙዚየሙን አናጣጥልም፤ ከሱልጣኖቹ ዘመን አንስቶ እስከ እንግሊዞቹ ድረስ ይተርካል። ነገር ግን ቅርጽም ይናገራል። የተዘራፊውን ታሪክ ለማንበብ በዘራፊው ሆድ መግባት አለብን። «ተዘራፊው መርከቧን ማርኮ አቆማት» የሚል አይጠፋም። ይሁን፤ ታዲያ ምርኮኛ መሆኗን ቅርጿ መቼ ተናገረ? እንዲያው ግርማዋን ነው የሚያሳየን። በዚያ ባሕር ላይ እኮ ጆንግ የሚባሉ የአገሬው ትላልቅ መርከቦችም ይመላለሱ ነበር። እኛ ብንጠየቅ፣ ደጃፉ ላይ አንድ ጆንግ ይቁም እንላለን።